ለአምስት ሰከንድ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር የጽሕፈት ቤቱ የጥበቃ ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ሙሉ ጤንነት፣ በተለይም ለልብዎ የተስተካከለ ምት እመኛለሁ። እኔ ከጽሕፈት ቤታችሁ ማዶ ልብስ የምሰፋ ሴት ስሆን፣ ባለፈው ወር የደረጃችሁን ግድግዳ ሲቀባ የሞተው ቀለም ቀቢ ታላቅ ወንድሜ ነው። ያልተወጣሁት ምስጋና ስላለብኝ ይህን በአደባባይ ጻፍኩ።

፩. አዲሱ የጠባቂዎቻችሁ የኤሌክትሪክ ሽጉጥ «ለሕይወት የማያሰጋ» መሆኑን በራችሁ ላይ ለጥፋችሁ ስላሳወቃችሁን አመሰግናለሁ። ያን ቀን የወንድሜን ምሳ ይዤ ባልመጣ ኖሮ፣ ሁለት መንጠቆ የመሰሉ መርፌዎች ቀጭን ሽቦ እየጎተቱ ወጥተው ሸሚዝ እንደሚበሱ፣ ኤሌክትሪኩም ጡንቻን ሁሉ ጨምድዶ ሰውን እንደ እንጨት እንደሚያደርቀው ከየት አውቅ ነበር?

፪. ጠባቂያችሁ እንግዳ ሊያልፍ ነውና ሁለት ጊዜ «ውረድ» ማለቱን አልክድም። ወንድሜ ግን ግራ ጆሮው ከልጅነቱ ጀምሮ አይሰማም፤ ፊቱንም ወደ ግድግዳው አዙሮ መሰላል ላይ ነበር። የቀለም መፋቂያውን እንደያዘ ዘወር ቢል፣ መፋቂያው ለጠባቂው ጩቤ መሰለው። ወንድሜ «ምን አልከኝ፣ ወንድም?» አለ። ከዚያ ወዲያ ቃል አልወጣውም።

፫. ሐኪሙ በትሕትና እንዳስረዱኝ፣ መሣሪያው የልብ ሕመምተኛን ከመጉዳቱም በላይ፣ የተመታ ሰው ሲወድቅ እጁን ዘርግቶ ራሱን ማዳን አይችልም፤ ስለዚህም ከፍ ያለ ቦታ ላይ በቆመ ሰው ላይ አይተኮስም። ወንድሜ እጆቹ ደረቱ ላይ እንደተቆለፉ፣ ዐይኑ ተከፍቶ እያየኝ ወደ ታች መጣ። ከወደቀም በኋላ መሣሪያው አምስት ሰከንዱን እስኪጨርስ መንጣጣቱን አላቋረጠም። ሥራን ጀምሮ መጨረስ የሚመሰገን ነው።

፬. ያ ድምፅ ከስፌት መኪናዬ ድምፅ ጋር አንድ ሆኖብኛል። ፔዳሉን በረገጥኩ ቁጥር ወንድሜ ከጀርባዬ ይደርቃል፤ እግሬን ባነሣ ግን እሱ አይነሣም። አሁን የደንበኛን ልብስ ሁሉ በእጄ እሰፋለሁ፤ ቤቴም ጸጥ ብሏል። ጸጥታ ማስከበር ማለት ይህ ከሆነ፣ እኔ ዘንድ በሚገባ ተከብሯል።

እጅ እየነሣሁ፣ እንዳልወድቅም ግድግዳ ተደግፌ፣
ጎረቤትዎ ልብስ ሰፊዋ

ማስታወሻ፦ ለቀድሞው አቤቱታዬ ትናንት ከክፍላችሁ በደረሰኝ መልስ «ለሞቱ ምክንያት የሆነው ወለሉ እንጂ መሣሪያው አይደለም» ተብሏል። ዛሬ ጠዋት መጥቼ አየሁት፤ ወለሉ እስካሁን ከሥራው አልታገደም።