ሜትር ጠፍቶ የተነዳ መንገድ

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 12፣ 2010፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ዛሬም ባለቤቴን ሰናይትን አሌክሳንድሪያ ካለው ኮሌጅ እስከ ቤት ያን ሁሉ መንገድ በመኪናው ራይድ የሰጣት ዳዊት ነው፤ አብሯት ሒሳብ የሚማረው ልጅ። የዛሬው ሆምወርክ ስለ ታክሲ ነው። መነሻው ሦስት ዶላር፣ በየማይሉ ሁለት ዶላር፤ የመንገዱን ዋጋ በእኩልታ ጻፉ ይላል። ታክሲ የሚነዳ ባል ቤቷ እያለ የጠየቀችው ዳዊትን ነው!

"እሱ ሲያስረዳኝ ቶሎ ይገባኛል" አለችኝ። እርር ድብን አልኩ።

"እስቲ የእሱንም መኪና በእኩልታ ጻፊልኝ። ስንት ያስከፍልሻል?"

ሳቀች። "መነሻውም ዜሮ፣ ማይሉም ዜሮ።"

እኔ የታክሲዬን ሒሳብ ቆጣሪ፣ ሜትሬን፣ አጥፍቼ ያን ያህል መንገድ የነዳሁት አንዴ ብቻ ነው። እሷን ላደርስ፤ ገና ሳላገባት።