ሳልጸልይ የተቀበልኩት ምስጋና

ውድ አለቃዬ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እናትሽ እማማስ እንዴት ናቸው? ባለፈው ስትደውዪ በምርኩዝ ከአልጋቸው እስከ መስኮቱ መድረስ ጀመሩ ስላልሽኝ ደስ ብሎኝ ለዳኛዋ ነገርኳት። እሷ ግን ታውቂያታለሽ፣ "ከመስኮቱስ ወደ አልጋቸው ማን መለሳቸው?" ብላ አፋጠጠችኝ። ልጃችን ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ጥያቄዋ ግን ችሎት ላይ ያረጀ ሰው ነው የሚመስለው። ደህና ናት። ትበላለች፣ ትማራለች። ፀጉሯን ስጎነጉንላት ብቻ "አባዬ ቀስ በል፣ ቧንቧ እኮ አይደለም!" እያለች ትጮህብኛለች። ከአንቺ እጅ ወጥቶ በቧንቧ ሠራተኛ እጅ መውደቅ ቀላል አይደለም፤ አልፈርድባትም።

አሁን ወደ ተነሣሁበት ልግባ። ይህን ደብዳቤ ስድስት ጊዜ ጀምሬ ስድስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። ግን ድምፄን አውቀዋለሁ። ያምራል ይሉኛል፤ አንቺም ያገባሁህ ግማሹን ለድምፅህ ነው እያልሽ ቀልደሽብኛል። ስናገር ውሸቴም እውነት ይመስላል። የእጅ ጽሑፌ ግን እንደምታይው አስቀያሚ ነው፤ የሚሸፍንልኝ ነገር የለም። ደግሞም መፍጠን አለብኝ። ባልንጀራሽ ልብስ ሰፊዋ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። "ከእኔ ትስማው፣ አንድ ሳምንት ብቻ ታገሺኝ" ብዬ ለምኛታለሁ። አንድ ሳምንት ዝም ማለት ለእሷ ምን ያህል ሥቃይ እንደሆነ ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም።

ሆዴ፣ እኔ ሁለት ዓመት ተኩል ሙሉ አልጸለይኩም።

በዓይንሽ ዘልለሽ እንዳታልፊው። እሑድ መድረክ ላይ ቆሜ ለሰው ጆሮ ከማሰማው በቀር፣ ብቻዬን ሆኜ ለእግዚአብሔር አንዲት ቃል ሳልናገር ሁለት ዓመት ተኩል አለፈ።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እቃ ቤት ገብቼ በሩን ስዘጋ፣ አንቺ ሻዬን ደጃፉ ላይ አስቀምጠሽ በእግርሽ ጣት ትመለሺ ነበር። ዳኛዋ ድምፅ ስታሰማ "እሽሽ! አባትሽ እየጸለየ ነው" ስትያት እሰማሻለሁ። እኔ ከበሩ ወዲህ ስልኬ ላይ ዳማ እጫወታለሁ። አንዳንዴ የመሣሪያ ሣጥኔን ተንተርሼ እተኛለሁ። አንድ ቀን የሣጥኑ ጠርዝ ግንባሬ ላይ ሰምበር አውጥቶ አየሽና "ይህን ያህል ወለሉ ላይ ተደፍተህ ነው እንዴ?" ብለሽ በመዳፍሽ ዳሰስሽኝ። ዝም አልኩሽ። ከነገርኩሽ ውሸት ሁሉ ያቺ ዝምታ ትብሳለች።

አጀማመሩ ትልቅ ክህደት አልነበረም። ስብከቴ ሲወደድ፣ ከሌሎች ጉባኤዎችም ሲጠሩኝ፣ የጸሎቱን ሰዓት ለስብከት ዝግጅት አደረግሁት። ያው ስለ እግዚአብሔር ነው ብዬ። ከዚያ የድሮ ማስታወሻዬን ማገላበጥ ስጀምር ዝግጅቱም ቀረ፤ ሰዓቱን እንቅልፍ ወረሰው። እንደተውኩት እንኳ አላወቅሁም ነበር። አንድ ጠዋት ልጀምር ስል የምለው ጠፋኝ። ሳትደውዪለት የቆየሽ ወዳጅ ታውቂያለሽ? ቀኑ በገፋ ቁጥር መደወሉ ያሳፍራል። እንደዚያ ነው የሆንኩት።

ከዚያ ዳኛዋ ታመመች።

ያን ሳምንት ማንሣት እንደማትወጂ አውቃለሁ፤ ግን ዘልዬው ላልፍ አልችልም። ማጅራት ገትር ነው ተባለ። ሐኪሟ "የዛሬዋን ቀን ካለፈች ተስፋ አለ" ስትለን አንቺ የልጅቷን እጅ ይዘሽ፣ ዓይንሽን ከፊቷ ሳታነሺ፣ "እኔ ከዚህ ንቅንቅ አልልም። አንተ ሂድና ጸልይ። አንተን ይሰማሃል" አልሽኝ።

"እሺ" ብዬ ወጣሁ። ወጣሁ እንጂ አልጸለይኩም። ከሆስፒታሉ ጀርባ የተሰጡ አንሶላዎች ነበሩ። እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ንፋሱ ሲያርገበግባቸው ሳይ ቆየሁ። ፈርቼ ነበር፣ አለቃዬ። ስድስት ወር ዘግቼው፣ አሁን ልጄ ስትወድቅብኝ ብመጣ ምን ይለኛል? ለምኜው እምቢ ቢለኝስ? ካልለመንኩት ግን፣ ቢያንስ እምቢ አላለኝም ብዬ መኖር እችላለሁ። ይህን የመሰለ ሞኝነት አእምሮዬ ውስጥ እንዴት እንደገባ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ከሁለት ሰዓት በኋላ ተመለስኩ።

"ጸለይክ?" አልሽኝ።

"ጸለይኩ" አልኩሽ።

በማግስቱ ትኩሳቷ ወረደ። በወሩ ጉባኤው ፊት ቆመሽ "ጌታ የባሌን ጸሎት ሰምቶ ልጄን መለሰልኝ" ብለሽ መሰከርሽ። ሰው አለቀሰ፣ እልል አለ። መጋቢያችን ክንዴን ይዘው አስነሡኝ። ተነሣሁ። እንደ ትሑት ሰው አንገቴን ደፍቼ ምስጋናውን ተቀበልኩ። ከዚያን ቀን ወዲህ ነገሩ ከስንፍና አለፈ። አፌን ብከፍት መጀመሪያ ማለት ያለብኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ ማለት አልፈለግሁም። ስለዚህ ሁሉንም ዘጋሁት።

አንቺ ወደ እማማ በሄድሽ በሦስተኛው ሳምንት ወደ አንድ ፎቅ ቤት ተጠራሁ። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ያንጠባጥባል። በሩን የከፈቱልኝ አሮጊት ገና ሲያዩኝ "አንተ ሰባኪው አይደለህም እንዴ?" አሉ። ቧንቧውን ጠግኜ መፍቻዬን ስሰበስብ፣ ባለቤታቸው መኝታ ክፍል እንደተኙና ሐኪሞቹ ቤቱ ይሁን ብለው እንደመለሷቸው ነገሩኝ። ማተሚያ ቤት ውስጥ አርባ ዓመት አራሚ ነበሩ፤ መጽሐፍ ከመታተሙ በፊት እያንዳንዱን መስመር አንብበው ስሕተት የሚነቅሱ። "እባክህ ልጄ፣ ሁለት ቃል ጸልይለት" አሉኝ።

እጄን ታጥቤ ገባሁ። ሰውየው ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ከሲታ ናቸው፣ ዓይናቸው ግን ንቁ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ጀመርኩ። ድምፄን ከፍ አደረግሁ፣ ዝቅ አደረግሁ፣ ሰማዩን ምድሩን ጠራሁ። መካከል ላይ እጄን ነካ አደረጉኝ።

"ይቅርታ ልጄ። ለማን ነው የምታወራው?"

"ለ... ለእግዚአብሔር ነዋ፣ ጋሼ።"

"አይመስለኝም። ለእሱ ከሆነ ይህ ሁሉ ትርፍ ቃል ምን ያደርግለታል? በእኔ እጅ ብትገባ ከአምስት መስመር አራቱን እሠርዝብህ ነበር።"

"አንተ ሰውዬ!" አሉ ባለቤታቸው። "ሰው ለጸሎት ጠርተህ ትዘልፋለህ?"

"የጠራሁት እኔ አይደለሁም። ደግሞ ልሞት ነው፤ ተይኝ ልናገር።"

መቆጣት ነበረብኝ። እኔ ግን "ከሠረዙት በኋላ የቱ መስመር ይቀራል?" ብዬ ጠየቅሁ።

ትንሽ አሰቡ። "'ማረን' ያልካት ትቀራለች። እሷንም ያላት አፍህ ነው እንጂ አንተ አይደለህም።"

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩና ሁሉን ነገርኳቸው። እቃ ቤቱን፣ አንሶላዎቹን፣ ምስክርነትሽን። ለአንቺ ያልነገርኩሽን ለማላውቀው ሰው በመንገሬ ይህንንም ጨምረሽ ይቅር በዪኝ። አሮጊቷ በሩ ላይ ቆመው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ሰሙኝ። ስጨርስ አራሚው ትራሳቸውን አስተካክለው ወደ እኔ ዞሩ።

"እኔ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ዘግቼው ነበር" አሉ። "ሐኪሙ እንደማልድን ሲነግረኝ፣ አሁን ዕድሜዬ ሲያልቅብኝ ወደ እሱ ልሂድ ማለቱ አሳፈረኝ። አንድ ጠዋት ግን 'አለህ?' የምትል ቃል ከአፌ አመለጠችኝ። በቃ፣ እሷን ብቻ። ምን ሊለኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። የት ነበርክ አላለኝም፣ ልጄ። ይቺ ሚስቴ እንኳ ግማሽ ሰዓት ስዘገይ የት ነበርክ ትለኛለች። እሱ ግን አላለኝም። ምን ልበልህ... ሲጠብቀኝ የቆየ ሰው ስመጣ ደስ እንደሚለው፣ ደስ አለው። ተሰማኝ።"

ከዚያ በኋላ ለአሥራ ስምንት ቀን፣ ዳኛዋን ትምህርት ቤት አድርሼ ወደ ሥራ ከመግባቴ በፊት እዚያ እሄድ ነበር። "ቧንቧውን ልየው" እያልኩ። ቧንቧው በመጀመሪያው ቀን ተሠርቷል፤ ሦስታችንም እናውቃለን። ጋሼ በቀን አንድ መስመር ብቻ ፈቀዱልኝ። የመጀመሪያዋ "ጌታ ሆይ፣ ዋሽቻለሁ" የምትል ነበረች። ሦስት ጊዜ ጀምሬ አቋረጥኳት፤ በአራተኛው ወጣች። እሳቸው ዓይናቸውን ሳይገልጡ "ይቺ ንጹሕ ናት፤ ትታተም" አሉ። ሳቅሁ፣ እየሳቅሁ አለቀስኩ። ሌላ ቀን ደግሞ፣ መድከማቸው እየታየ፣ "በየቀኑ ና እንጂ አታከማች። ያልታረመ ገጽ ሲከመር ዓይንህ ስሕተቱን ይለምደዋል። ከዚያ ስሕተቱ ልክ ይመስልሃል" አሉኝ። እኔ የዓመታት ክምር ይዤ ነበር የመጣሁት። ግን አንዴም ፊታቸውን አላጠቆሩብኝም።

ባለፈው ሐሙስ ስደርስ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ጋሼ ጎህ ሲቀድ አርፈዋል። አሮጊቷ እጄን ይዘው ወደ ውስጥ አስገቡኝና "እንግዲህ አንተ በል" አሉኝ። "ጌታ ሆይ፣ እሳቸው አንተ ጋ ናቸው። እኛንም አትተወን" አልኩ። ሌላ አልጨመርኩም። አሮጊቷ "ይህን አይሠርዝብህም ነበር" አሉኝና ትከሻዬ ላይ ተደፉ።

እሑድ ሰባኪው እኔ ነበርኩ። ማስታወሻዬን ቤት ትቼው ወጣሁ። መድረኩ ላይ ቆሜ ለአንቺ ከላይ የጻፍኩትን፣ በአጭሩ፣ ድምፄን ሳላሳምር ተናገርኩ። "ባለቤቴ በዚህ ቦታ የመሰከረችው እውነት ነው፤ እርማት የሚያስፈልገው አንድ ቃል ነው። የተሰማው የባሏ ሳይሆን የእሷ ጸሎት ነው" አልኩ። ያን ቀን ሆስፒታል የነበረችው ነርስ ከንፈርሽ ከጠዋት እስከ ማታ እንዳልቆመ ነግራኝ ነበርና።

ጭብጨባ አልነበረም። አንዲት እናት እንድጸልይለት የታመመ ልጇን ይዛ ወደ እኔ ትመላለስ የነበረች፣ ተነሥታ ወጣች። በሩ ላይ ዞር ብላ አየችኝ። ያቺን አስተያየት ተሸክሜያት እኖራለሁ፤ ቤቷም ሄጄ ይቅርታ እጠይቃታለሁ። መጋቢያችን ከመድረኩ አወረዱኝ። "ለአንድ ዓመት አትሰብክም" አሉኝ። "እሑድ እሑድ ግን ከእኔ ጎን ትቀመጣለህ። ከኋላ መደበቅ የለም።" ቅጣት ይሁን ምሕረት መለየት አቃተኝ። ሁለቱም ይመስለኛል።

ቤት ገብተን ምሳ ስንበላ ዳኛዋ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"አባዬ፣ እኔ ስታመም አልጸለይክም ማለት ነው?"

"አልጸለይኩም።"

"እማዬ ግን ጸልያለች።"

"አዎ።"

"እማዬ ባትኖርስ? አንተ ብቻ ብትሆን እሞት ነበር?"

የሃያ ዓመት ሰባኪ ነኝ ባዩ እኔ፣ "አላውቅም፣ የኔ ልጅ" አልኳት።

"እኔ አውቃለሁ" አለች። "እግዚአብሔር እኮ አንተ ስለዘጋኸው እኔን አይቀጣኝም። አንተም እማዬ ስትዘጋህ ለእኔ ምሳዬን ትሰጠኛለህ አይደል?" ብላ ማንኪያዋን አንሥታ መብላቷን ቀጠለች። እኔ ሳህን ላጥብ ብዬ ተነሥቼ፣ ውሃውን ከፍቼ፣ ድምፄ እንዳይሰማ አድርጌ አለቀስኩ።

አለቃዬ፣ ቶሎ ይቅር በዪኝ ብዬ አልጨቀጭቅሽም። ያመንሽኝን ያህል ብትናደጂ ገና ብዙ ይቀርሻል። ካሻሽ ጻፊልኝ፣ ካሻሽ ደውለሽ ስደቢኝ፣ ካሻሽ ለጊዜው ዝም በዪኝ። እማማን ጨርሰሽ አስታሚ፤ ስለ ቤቱ አታስቢ። ስትመጪ የምታገኚው ባል ከሸኘሽው የሚያንስ ሰው ነው፤ ግን እሱ ራሱ ነው።

ዛሬ ጠዋት ስለ አንቺ ጸለይኩ። ስንት ጊዜ እየጸለይኩልሽ ነው ብዬሽ ነበር፤ የዛሬው ግን የእውነት ነው። ረጅም አልነበረም። ይህን ወረቀት ስታነቢ የሚያጽናናሽ እኔ መሆን ነበረብኝ፤ ያስለቀስኩሽም እኔው ስለሆንኩ አልችልም። ስለዚህ "ይህን ስታነብ አንተ አጠገቧ ሁን" አልኩት። እሺ እንዳለኝ አምናለሁ።

ባልሽ