የእማዬ መደገፊያ

ስማ አንተ ባለሙያ ወንድሜ፣

ለእማዬ ደረጃ የበየድከው መደገፊያ ዛሬ ጠዋት ተገንጥሎ እጇ ላይ ቀረ። ደግነቱ ከኋላዋ ነበርኩና ያዝኳት።

ስንቴ ልንገርህ? ስቴንለስ ከተራ ብረት ጋር በተራ ኤሌክትሮድ አይበየድም! ውስጥ ውስጡን ይሰነጠቃል። አንተ ግን ላዩን በግራይንደር አሳምረህ ፎቶ አነሳኸው።

የድሮውን ብየዳ ሙልጭ አድርገህ አንሳና በአዲስ በይደው። ካርቶኑ ላይ 309 የሚለውን ኤሌክትሮድ ተጠቀም፤ ሁለቱን ብረት የሚያስማማው እሱ ነው። አልጋዬ ስር አለ።

ስለምታባክን ነው የደበቅኩት።

እማዬ አሁን ደረጃውን እንደ ሕፃን ቁጭ ብላ ነው የምትወርደው። «አጥብቄ የጎተትኩት እኔ ነኝ፣ እሱን ምንም እንዳትለው» ብላ አስምላኛለች።

ይኸው፣ ምንም አላልኩህም።

ምሳህ ድስቱ ውስጥ ነው። ሳትበይድ እንዳትነካው።