«ባለመስመሩ ራሱ ይቅረብ» ላላችሁን

ለተከበሩ የሰናይ ብሮድባንድ የአዲሱ ገበያ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ስልክ ሳያነሱ በሙዚቃ ለሚያስተናግዱን ባልደረቦችዎ ጤናና ሰላም እመኛለሁ። እኔ ከቁስቋም ማርያም በታች ከእናቴ ከወይዘሮ የሺ ጋር የምኖር፣ በወንድሜ በኤርሚያስ ዓምሃ ስም በገባው መስመራችሁ የምጠቀም፣ ወይም ለመጠቀም የምሞክር ደንበኛችሁ ነኝ። ወንድሜ መስመሩን ያስገባው ደቡብ ሱዳን፣ ጁባ ከተማ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ሥራ አግኝቶ ሊሄድ ሲል፣ እናቱ ፊቱን እያየች እንድታዋራው ብሎ ነበር። ቅሬታዬን በተራ ሳቀርብ ጊዜዎን እንደምሻማ ይገባኛል፤ እናንተ ለደንበኛ ጊዜ ምን ያህል እንደምትሳሱ ስለማውቅ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

፩. ስለ ፍጥነቱ። ኤርሚያስ በደወለ ቁጥር ድምፁ ሲመጣ ምስሉ ይቆማል፣ ምስሉ ሲንቀሳቀስ ድምፁ ይጠፋል። ለመጨረሻ ጊዜ የደወለ ዕለት አሞት ነበር፤ አንድ ነገር ሊነግረን ጀምሮ አፉን እንደከፈተ ስክሪኑ ላይ ደርቆ ቀረ። ወደ እናንተ ስደውል ራውተሩን አጥፍቼ እንዳበራው በትሕትና ተመከርኩ፤ አጠፋሁት፣ አበራሁት፣ እሱ ግን አልተመለሰም። በዚያው ሳምንት ወባ ገደለውና እዚያው ጁባ ተቀበረ። ሊለን የነበረውን እስከ ዛሬ አላወቅንም። ስለ ምክሩ ከልብ አመሰግናለሁ።

፪. ይህኛው እንኳ ቅሬታ ሳይሆን ውለታ ነው። ወንድሜ ሲሞት እናቴ የዓይን ሞራ ተገፎላት ገና ማገገሟ ስለነበር፣ ሐኪሙ እንዳታለቅስ አጥብቆ አስጠንቅቆ ነበር። አጎታችን ጋሽ ጌጡ ዘመድ ሰብስበው መከሩና፣ ዓይኗ እስኪድን ይደበቃት፣ ከዚያ እንደ ወጉ የነፍስ አባቷና የእድሩ ሰዎች በማለዳ መጥተው፣ ግራና ቀኝ የሚይዛት ሰው ባለበት ያርዷት ተባለ። እስከዚያው ልጄ ለምን አይደውልም ባለች ቁጥር ኔትወርኩ ነው እንላት ነበር፤ በእኛ ሰፈር ይህን የሚጠራጠር ሰው ስለሌለ እሷም አልተጠራጠረችም። በስማችሁ ተከልለን ከረምን። ማታ ማታ ከስክሪኑ ፊት አጠገቧ ተቀምጬ፣ ትንሽ ጠብቂ፣ እየፈለገ ነው እያልኩ የሞተ ሰው ጥሪ አብሬያት ስጠብቅ፣ አንዳንዴ እውነትም ሊደውል ነው ብዬ ሰውነቴ ይሸማቀቅ ነበር። ያን ፍርሃት ለማንም አልመኝም፤ ለእርስዎም ጭምር።

፫. የእናቴ ዓይን እየጠራ ሲሄድ፣ በዳነው ዓይኔ ልጄን አጥርቼ ልየው፣ ሄደሽ አሠሪልኝ እያለች ታስወጣኝ ጀመር። እኔም መስመሩን እንዳትሠሩት በልቤ እየለመንኩ እንድትሠሩት ለማመልከት እናንተ ዘንድ እመላለስ ነበር፤ የልቤን ልመና ሰምታችኋል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ባለመስመሩ ራሱ ይቅረብ ተባልኩ። ውጭ አገር ነው ስል ራሱ ይደውል፣ መደወል አይመቸውም ስል ውክልና ይላክ ተባልኩ። እናቴ ከቤት ትልከኛለች፣ እናንተ ወደ ወንድሜ ትልኩኛላችሁ። አንድ ቀን ግን አቃተኝና፣ ከመስኮቱ ወዲያ ለተቀመጠችው ወጣት ጠጋ ብዬ፣ አይመጣም፣ ሞቷል አልኳት። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ አመልካች ሳልሆን ሰው ሆኜ የታየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ስሟን አልጽፍም፤ እርስዎም እንዳይፈልጓት አደራ እላለሁ፤ መሥሪያ ቤትዎ ውስጥ የሰማችኝ እሷ ብቻ ናትና።

፬. ይህችው ደግ ልጅ በማግስቱ፣ ቴክኒሻን እንደተመደበልን ልትነግረን፣ በዚያው በእናንተ መስመር ወደገባው የቤት ስልካችን ደወለች። ሐዘን ቤት የደወለ ሥርዓት የሚያውቅ ሰው እንደሚያደርገውም፣ ከሥራው በፊት፣ ስለ ልጅዎ ስለ ኤርሚያስ በጣም አዝኛለሁ፣ ነፍስ ይማር፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ አለች። ሐዘኑን ያልሰማ ሰው ሐዘን ቤት ውስጥ ይኖራል ብላ እንዴት ታስብ? እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ስልኩን ያነሳችው እናቴ ነበረች። ቤቱ ውስጥ የነፍስ አባት አልነበረም፣ እጇን የሚይዛት ጎረቤት አልነበረም። ስገባ ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ የስልኩ እጀታ ጭኗ ላይ ሆኖ አገኘኋት። የወንድሜን ፊት አንድም ቀን በሙሉ ማድረስ ያልቻለው መስመራችሁ፣ መርዶውን አንዲት ቃል ሳትቆረጥ አደረሰው። ክቡር ሆይ፣ ጨዋነቴን ልጠብቅ ብዬ ነው እንጂ ተናድጃለሁ፤ የሞተ ሰው ካልቀረበ ብላችሁ ባትይዙኝ ኖሮ ያን ምሥጢር ከአፌ ባላወጣሁት ነበር።

ለታየኝ መስተንግዶ፣ ወንበር ለሌለው መጠበቂያችሁና ለማይታጠፈው ደንባችሁ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ በዚህ ዓለም ሳላችሁ በራሳችሁ ስም ተመዝግባችሁ በራሳችሁ ቀርባችሁ እንድትስተናገዱ የምመኝላችሁ፣

ታማኝ ደንበኛችሁ
ሩታ ዓምሃ
ጉለሌ፣ አዲስ አበባ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ቴክኒሻናችሁ መጥቶ መስመሩን ሠርቶታል። እናቴ በቀላ ዓይኗ ሲሠራ አይታ፣ እንግዲህ ከተሠራ እስኪ ደውዪለት አለችኝ። እማዬ ብዬ ሳልጨርስ፣ አውቃለሁ፣ ብቻ ደውዪ አለች። ደወልኩ። የወንድሜን ስልክ ጁባ አብሮት ይሠራ የነበረ ልጅ ይዞታል፤ ሊያነሳው ግን አልደፈረም መሰለኝ። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ከስክሪኑ ፊት እንደተቀመጠች፣ ጥሪው ሳይንቀጠቀጥ፣ ሳይቆራረጥ እስከ መጨረሻው ጠራ። በጥራቱ በኩል ቅሬታ የለንም።