ሊጠይቀኝ የመጣ አብሮኝ ይራመድ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4። ጧት 1 ሰ.

ዛሬ መርፌው ከእምብርቴ በስተግራ። ትናንት በስተቀኝ ነበር። ቆዳዬን ቆንጥጬ ወጋሁት፣ አቃጠለኝ፣ ተሳደብኩ፣ አለቀ። ሆዴ በልዞ ሰማያዊና ቢጫ ሆኗል። የሸማ ሱቄ ውስጥ እንዲህ ያለ ጥለት ብሰቅል ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

ላንተ ነው የምነግርህ፣ ደብተሬ፣ ሰው ሲሰማ ያለቅሳል። ማኅፀኔን ከነዕጢው አውጥተውታል። ዶ/ሯ ያስፈራራችኝ ግን ገና በሚመጣው ነው። ካንሰርና ቀዶ ጥገና ሲደራረቡ ደም ቶሎ ይረጋል። እግር ውስጥ ይረጋና ተነቅሎ ወደ ሳንባ ከሄደ ትንፋሽ ይቆርጣል። መርፌው ይህን ለመከላከል ነው፣ ወር እስኪሞላ በየቀኑ። መርፌው ብቻውን አይበቃም፣ ተራመጂ፣ ውሃ ጠጪ፤ አንድ እግርሽ ካበጠ ደግሞ ሳታሳሺው፣ ሳታድሪ ነይ ብላኛለች።

እሺ ብያለሁ። ዕጢ አስወጥቼ በረጋ ደም ልሙት? አላደርገውም።

ከሰዓት በኋላ እትዬ የሺ ከአምባ ጊዮርጊስ ትመጣለች። የባሌ የመሪጌታ ታላቅ እኅት። ገብሷን ለጎረቤት አደራ ብላ እኔን ልታስታምም። እወዳታለሁ። ከወዲሁ ግን ደክሞኛል።

ረቡዕ፣ 5። ቀትር

አልጋዬ ሳሎን ገብቷል። እ. የሺ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ነው ያስወጣችው። ጠያቂ ሲመጣ በሽተኛ ተኝቶ መገኘት አለበት። ቆሞ ከተገኘ ወይ አልታመመም ይባላል፣ ወይ የሰው ዓይን ያርፍበታል። ጋቢ እስከ አገጬ። ትራስ በግራ በቀኝ። የመጣው ሁሉ ብርቱካን ይዞ፣ የመጣው ሁሉ ከንፈሩን እየመጠጠ። ሽንት ቤት ልሂድ ብዬ ግቢውን ዞርኩ። ደገምኩ። ከዚያ ተነቃብኝ።

ተቆጣች። አምና ባሏ አያ ደሴ በሆድ ካንሰር ሲማቅቅ እንዲህ ነበር ያስታመመችው፣ ከአልጋ ሳታወርደው፣ ውሃውን እንኳ ራሷ እያጠጣችው። ከእኔ በላይ ማን አስታሟል አለችኝ። ማንም አልኳት። ግን አያ ደሴ ሞተ ልላት ነበር፣ ዋጥኩት።

መሪጌታ ጥግ ይዞ ዳዊቱን ይደግማል። ተማሪዎቹን በአንድ ሳል ጸጥ የሚያሰኝ ሰው፣ እኅቱ ፊት አፍ የለውም።

ቅዳሜ፣ 8። 11 ሰ.

ዛሬ በገዛ ቤቴ አመፅኩ።

የማኅበር ሴቶች ከነዳቧቸው መጡ። ዙሪያዬን ሊቀመጡ ሲሉ ጋቢውን ገፍፌ ተነሳሁ። እዚህ ቤት ቁጭ ብሎ ማዘን ቀርቷል፣ ሊጠይቀኝ የመጣ አብሮኝ ይራመድ አልኩ። ተያዩ። ቅዳሜ ገበያ ከደንበኛ ጋር ስጣላ ስለሚያውቁኝ የተከራከረኝ የለም። ነጠላቸውን አስተካክለው ተከተሉኝ። ከበራችን እስከ ቤ/ክ፣ ዐፀዱን ዞረን ተመለስን። ስፌቴ ጎተተኝ። ቀስ አልኩ፣ አልቆምኩም።

ወሬው ራሱ ከሳሎኑ ይሻላል። ማን ቤት ሠራ፣ ማን ልጁን ዳረ። ስለ ሞት ያነሳ የለም፣ ዳገቱ ትንፋሽ አሳጥሯቸዋል። አንድ መንገደኛ ሰልፋችንን አይቶ የማን ተዝካር ነው ብሎ ጠየቀ። የእኔ ነበር፣ ተሰርዟል አልኩት። ያኔ ሁሉም ሳቁ።

እ. የሺ በር ላይ ቆማ አየችን። አልሳቀችም።

ማክሰኞ፣ 11። ጧት 3 ሰ.

ግራ እግሬ አብጧል። ቁርጭምጭሚቴ አይታይም። ፈርቻለሁ። ይኸው፣ ጻፍኩት።

ገና እያየሁት እ. የሺ ቅቤ ይዛ መጣች። ወጌሻም አስጠርታለች። እግሬን ጭኗ ላይ አድርጋ ማሸት ልትጀምር ስትል አትንኪኝ ብዬ ጮኽኩ። በዕድሜዬ ጮኼባት አላውቅም። እጇ ከነቅቤው ባለበት ቀረ። ወጌሻውንም ከበር መለስኳቸው። ስብራት ሲኖር እጠራዎታለሁ፣ ይህ የእርስዎ ሥራ አይደለም አልኳቸው። ቅር ብሏቸው ሄዱ። ይሂዱ።

መሪጌታ ባጃጅ ሊያመጣ ወጥቷል። እ. የሺ ነጠላዋን ለብሳ ቆማለች። አብራኝ ልትሄድ ነው።

በዚያው ቀን፣ 10 ሰ.

ንጹሕ ነኝ! ከብሽሽቴ እስከ ባቴ በአልትራሳውንድ አዩት፣ የረጋ ደም የለም። እብጠቱ ከቀዶ ጥገናው የመጣ ፈሳሽ ነው። መርፌውንም እርምጃውንም ቀጥዪ ተባልኩ። ኮሪደሩ ላይ ብቻዬን ሳቅኩ።

እ. የሺ ግን ከዶ/ሯ ክፍል አልወጣ አለች። ምነው ማሸቱ ተከለከለ ብላ ጠየቀች። ዶ/ሯ ረጋ ብላ አስረዳቻት። ካንሰር ያለበት ሰው አንድ እግሩ ሲያብጥ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል፣ ሲታሽ ሊነቀል ይችላል፣ ሳንባ ከገባ ሰውየው ትንፋሽ አጥሮት በድንገት ሊሞት ይችላል። እ. የሺ ሁለት እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ከተተቻቸው። ባጃጅ ውስጥም አላወጣቻቸውም። ቤት ደርሰንም። ምን እንደሆነች አልገባኝም።

ሐሙስ፣ 13። ቀትር

ገባኝ። አተር እየለቀመች ነበር። ቀና ሳትል ነገረችኝ። የአያ ደሴ እግርም አብጦ ነበር፣ የሞተ ዕለት ጧት።

«በቅቤ ያሸሁት እኔ ነበርሁ። ሸጋ ሁኖለት ነበር፣ ቀለለኝ አለኝ። ወዲያው ትንፋሽ አጣ። እኔ ነኝ የገደልሁት?»

አንተ ብትሆን ምን ትላለህ? መሪጌታ ቢሆን የእግዜር ፈቃድ ነው ይላት ነበር። እኔ ማባበል አልችልበትም። አላውቅም አልኳት። ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል፣ ካንሰሩ ብቻውንም ይበቃው ነበር። ማንም ያልነገረሽን ከየት ታመጪዋለሽ አልኳት። አለቀሰች። እኔም።

ከዚያ ተናደድኩ። በእሷ አይደለም። ለዚያ ሰው ተነሣ፣ ተራመድ፣ እግርህን አታሳሽ የሚለው አንድ ሰው መጥፋቱ ነው ያናደደኝ። ይህን ያህል አጭር ነገር ለእኔ ሲነገረኝ፣ አምባ ጊዮርጊስ ሳይደርስ መቅረቱ።

ከነገረችኝ ወዲህ እጇን መልሳ ደብቃለች። አተሩን እኔ ለቅሜ ጨረስኩት።

ዓርብ፣ 14። ጧት 1 ሰ.

ዛሬ ወደ አገሯ የምትመለስ መስሎኝ ነበር። እጇን ታጥባ መጣችና መርፌውን አሳዪኝ አለች። ከእምብርቴ በስተቀኝ። ቆዳዬን አስቆነጠጥኳት፣ ቀስ ብለሽ ግፊው አልኳት። ወጋች። ነቀለች። እጇን አየችው፣ ከዚያ እኔን። የእሷ አወጋግ ከእኔ ያነሰ ያማል። አልተሳደብኩም።

አልጋው ወደ መኝታ ቤት ተመልሷል። አንዱን ጫፍ መሪጌታ፣ ሌላውን እሷ ይዘው።

ወስኛለሁ። የካንሰር መድኃኒቱ፣ የኬሞው፣ ቀጠሮ ሳይደርስ፣ ዶ/ሯ ከፈቀደችልኝ፣ አብሬያት አምባ ጊዮርጊስ እሄዳለሁ። በገበያ ቀን። ድምፄ እንደሁ ለገበያ የተሠራ ነው። ያበጠ እግር እንዳይታሽ እ. የሺ ለገበያተኛው ትነግራለች፣ እኔ እጮኽላታለሁ።

በር ላይ ናት። ጠያቂዎች መጥተዋል፣ እሷው ደጅ አቁማቸዋለች፣ መቀመጫም አልሰጠቻቸውም። ምነው ተኛሽ፣ ተነሽ እንጂ ትለኛለች። ተኝቼ አይደለም፣ እየጻፍኩ ነው ብላት አልሰማ አለች። ጫማዬን ይዛ ገባች፣ በቃ ልነሳ።