ጥቁሩ ባቡር ለምን እንደተንቀሳቀሰ

ለምትናፍቂኝ ታላቅ እህቴ፣

ሰላምሽ ይብዛ። ጤናሽ እንዴት ነው? ሥራውስ እንዴት ይዞሻል? ያ የአንገትሽ ሕመም ተሻለሽ ወይስ አሁንም ያለ ትራስ ነው የምትተኚው? እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ያልኩት ደብዳቤ እንደዚህ ስለሚጀመር ነው። እማዬ ግን ከምሯ ትንሽ ደህና ናት፤ እሱን ኋላ እነግርሻለሁ።

አክስታችን በስልክ ያለችሽ ነገር እውነት ነው ወይ ብለሽ ጠይቀሽኛል። ወንድምሽ በባቡሩ መጣ ብላሻለች። እታለም፣ ባቡሩ ተንቀሳቅሷል፤ የመጣ ሰው ግን የለም። ሁሉንም ከሥሩ ልንገርሽ። ሳትጮኺ የምትሰሚኝ አንቺ ብቻ ነሽ።

አንቺ መጀመሪያ ከቤት ስትሄጂ የጓሮው የመጫወቻ ባቡር ሐዲድ የጽጌረዳውን መደብ እንኳ ዞሮ አልጨረሰም ነበር። ከዚያ በኋላ እኔና ሹፌሩ እስከ አጥሩ ወስደነዋል። (ወንድማችንን አሁንም ሹፌሩ ነው የምለው። "ሟቹ" ሲሉት ጆሮዬን ያመኛል።) የውኃ ታንከሩን እንዲዞር አደረግን። በአበባው መደብ ሥር ሰፊ ቱቦ ቀብረን ዋሻ አበጀንለት፤ በውኃ መውረጃው ላይ ድልድይ ዘረጋንለት፤ ከቧንቧው አጠገብ ደግሞ በእንጨት ሳጥን ጋራዥ ሠራንለት። ባቡሮቹ ሦስት ናቸው፤ ትንሿ ቀይ፣ አረንጓዴውና ጥቁሩ። ጥቁሩ የሹፌሩ ነው፤ ሌላ ሰው አይነካውም።

ያን ጊዜ መብራቱ ከትራንስፎርመር ወጥቶ በሐዲዱ ነበር የሚሄደው። የባቡሩ ጎማዎች ከሐዲዱ ተቀብለው ለሞተሩ ይሰጡታል። ስለዚህ ሐዲዱ መጽዳት አለበት፤ ይኼ ደግሞ የኔ ሥራ ነበር። ሹፌሩ ሹፌር ከሆነ እኔ ጠራጊው ነኝ። ጠዋት ጠዋት ቀንድ አውጣዎቹ ያለፉበት ልጋግ ሐዲዱ ላይ ደርቆ አገኘዋለሁ፤ ልክ እጅጌ ላይ እንደተጠረገ ንፍጥ ነው። ባቡሩ እዚያች ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። እሱም ከበረንዳው ሆኖ "ጠራጊው! ድልድዩ ጋ ተንፍጧል!" ብሎ ይጮኽብኛል፤ እኔም ጨርቄን ይዤ በጉልበቴ እሄዳለሁ።

ሹፌሩ ሕመሙ ጸንቶበት ከአልጋ መነሣት ሲያቅተው አልጋውን ወደ መስኮቱ አዞርንለት። ብቻዬን ተንበርክኬ ስጠርግ ማየት አልወደደም። አንድ ቀን ጠራኝና ከእንግዲህ መብራቱን ከሐዲዱ አውርደን ባቡሮቹ ጀርባ ላይ እንጭነዋለን አለኝ። ባትሪና በሪሞት የሚታዘዝ መቀበያ ማለቱ ነው። በቀይዋ ጀመረ። እኔ ትምህርት ቤት በምውልበት ሰዓት ትሪ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ይፈታል፤ እማዬ መብራት ትይዝለታለች፣ ካቻቪቴ ታቀብለዋለች። ምን ምን እንደሠሩ አላየሁም። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ቀይዋ በልጋጉ ላይ ሳትቆም ስትበር አገኘኋት። ሹፌሩ ሳል እስኪይዘው ሳቀ። ሌሎቹን ሁለቱን ሳይደርስባቸው ሄደ።

ከቀብሩ በኋላ የነበረውን አንቺም በመጠኑ አይተሻል፤ ተመልሰሽ ከሄድሽ በኋላ ግን ባሰ። ሰው ሁሉ በእርጥብ ጉንጩ ፊቴን ይለቀልቀኛል። አፋቸው ሙሉ ሆኖ ያለቅሳሉ፤ ጎርሰው፣ ተንሰቅስቀው፣ እንደገና ይጎርሳሉ። አክስታችን የራሷን አፍንጫ በጠረገችበት መሐረብ የኔን ዓይን ትጠርጋለች። እማዬ በሹፌሩ አልጋ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። እኔም ክፍሌን ቆለፍኩ። በስልክ በላህ ወይ ስትዪኝ አዎ እልሽ ነበር፤ ዳቦውን ግን መሳቢያ ውስጥ ነበር የምከተው። ኋላ ጉንዳን ወረረው።

አንድ ከሰዓት ላይ አረንጓዴውን አውጥቼ ፈታሁት። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ። ሹፌሩ ያስቀመጠለትን ባትሪና መቀበያ ከኋላ በሚጎተተው የከሰል ጋሪ ውስጥ አስገባሁ፣ ሽቦውን ከሞተሩ ጋር በየድኩት፣ ገጠምኩት። ባትሪ ሐዲድ መጥረግ አያስፈልገውም። እኔ ግን ልማድ ሆኖብኝ ጨርቄን ይዤ ዙሪያውን ጠረግኩት።

ሪሞቱን ስጫን አረንጓዴው ሄደ። ወዲያው ጥቁሩ የፊት መብራቱን አብርቶ ከጋራዡ ወጣ።

ማንም አልነካውም፤ ባትሪም የለውም፤ ትራንስፎርመሩ ከተነቀለ ቆይቷል። ቀስ ብሎ፣ ልክ ሹፌሩ እንደሚነዳው፣ በመስኮቱ ሥር መጣ። አክስታችን የታጠበ ልብስ እያሰጣች ነበር፤ ሳፋውን ጥላ "መጣ! ልጄ መጣ!" ብላ ሰፈሩን አነቃነቀችው። እማዬ ባዶ እግሯን ወጣች። እኔ ደንግጬ ጣቴን ሳነሣ ሁለቱም ባቡሮች ቆሙ።

ለአንዲት ትንፋሽ ያህል እኔም አምኜ ነበር። ይኼን ለማንም አልተናገርኩም።

እማዬ ጥቁሩን አየችው፣ አረንጓዴውን አየችው፣ እጄ ላይ ያለውን ሪሞት አየችው፣ ከዚያ ጠጠሩ ላይ ቁጭ አለችና ዳቦ አምጡልኝ አለች። ከቀብሩ ወዲህ ምግብ በአፏ ስትጠራ የመጀመሪያዋ ነው። ለሁለት ቆረሰችና ግማሹን ሰጠችኝ። እስክውጠው ድረስ ዓይኗን አልነቀለችም። እኔ በላሁ፤ እሷም በላች።

ልብሱ ገና ሳይሰጣ አረንጓዴውን ከፍቼ አየሁት። ነገሩ ቀላል ነበር። ከጎማዎቹ ወደ ሞተሩ የሚሄዱ ሁለት ሽቦዎች አሉ፤ ባትሪ ሲገባ መቆረጥ ነበረባቸው። እኔ አልቆረጥኳቸውም። የባትሪው ኃይል በነሱ በኩል ወደ ጎማው፣ ከጎማው ወደ ሐዲዱ ፈሰሰ፤ ሐዲዱ ላይ የቆመውን ጥቁሩን ቀሰቀሰው። በቃ፣ ይኼው ነው። ሁለት ሽቦ። ፒንሳውን አንሥቼ ልቆርጣቸው ስል እማዬ በመስኮቱ በኩል ነገም ታስነዳዋለህ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ፒንሳውን መልሼ አስቀመጥኩት።

አክስታችን ግን እስከ ማታ ድረስ ስልኳን ከጆሮዋ አላነሣችም። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ስነግርሽ አፍንጫሽን ያዢ።

መጀመሪያ ዘመድ መጣ፣ ቀጥሎ ጎረቤት፣ ቀጥሎ የማናውቀው ሰው። አክስታችን ከሳሎን ወንበር አውጥታ ጓሮው ላይ ደረደረች። ጥቁሩን በመሐረቧ ትወለውለዋለች፤ ውኃ አጥታ እንዳይመስልሽ፣ ምራቋን እንትፍ እያለች ነው። ጭስ ማውጫው ላይ የፕላስቲክ አበባ ሰካችበት! ሕግም አወጣች፤ ጥያቄ የተጠየቀ እንደሆነ ባቡሩ ወደፊት ከመጣ አዎ ነው፣ ዝም ካለ ግን ልጁ ቅር ብሎታል።

ፀጉር ሠሪዋ ጥሏት የሄደው ባሏ ይመለስ እንደሆነ ጠየቀች። ጥቁሩ መጣ። ጡረተኛው ጎረቤታችን ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ እንግዲህ ከተመለሰ በባቡር ነው ማለት ነው አሉ። ከሳቁት ውስጥ እኔ አልነበርኩም፤ ምክንያቱም ያስመጣሁት እኔ ነኝ። ሪሞቱ ኪሴ ውስጥ ነበር። አረንጓዴውን ዋሻው ውስጥ ደብቄ በጡብ አግጄዋለሁ፤ ጎማው እዚያው ይፈተጋል፣ መብራቱ በሐዲዱ ይሄዳል። ለዚህም ሲባል ጠዋት ጠዋት ልጋጉን እጠርጋለሁ። ይታይሽ! ሹፌሩ ባትሪ ያስገባው እኔ ከመንበርከክ እንድድን ነበር፤ አሁን እሱን ለማስመሰል ተንበረከክኩ። እጄ በሳሙና ብታጠብ የማይለቅ የቀንድ አውጣ ሽታ ያዘ።

ለምን ታዲያ አትዪኝም? እማዬ ስለምትወጣ ነው። በየቀኑ ትወጣለች፤ ፊቷን ታጥባ፣ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ዳቦዋን ለሁለት ትቆርሳለች። ሽቦውን ብቆርጥ ተመልሳ ወደ ግድግዳው የምትዞር መሰለኝ። ሰው ሁሉ ባቡሩ ላይ ሲያፈጥ እሷ እኔን ነበር የምታየኝ።

ከዚያ ያቺ ሴትዮ መጣች። የማናውቃት ናት። ትንሽ ልጅ ታቅፋለች፤ ልጁ ሲተነፍስ ደረቱ ያፏጫል። ሐኪሙ አስተኝቼ ካልመረመርኩት ብሏል፣ እኔ ግን ፈራሁ፤ ልጄ ይድናል ወይ ብላ ጠየቀች። አክስታችን በይ ለሱ ንገሪው አለቻትና ወደ ጥቁሩ አዞረቻት። ሴትዮዋ የመጫወቻ ባቡር ፊት ተንበረከከች። የልጁ ደረት ፉጨት ይሰማል። ዝም ብል ልጅሽ ይሞታል ያልኳት ያህል ነው። ብጫነው ደግሞ... እታለም፣ ተጫንኩት። ጥቁሩ ከነፕላስቲክ አበባው ተንከባሎ መጣላት። እሷም ሐዲዱን ስማ እያለቀሰች፣ እንግዲያውስ ሐኪም ቤቱ ይቅርብኝ አለች።

እማዬ ከወንበሯ ተነሥታ ወደ ቤት ገባች። እኔ ከታንከሩ ኋላ ሮጬ አስታወክሁ። አፌን ጠርጌ ስመለስ ሴትዮዋ ሄዳለች። ቤቷን አላውቀውም። አክስታችን ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ፣ መንፈስ ከብዶት ነው አለች ለሰዉ። ምራቋ የነካውን መሐረብ ወደ አፌ ስታመጣ እጇን ገፈተርኩት።

ያን ዕለት ለእማዬ ልነግራት ወደ በሯ ሄድኩ። የስፌት መኪናዋ ድምፅ ይሰማል። ከስንት ጊዜ በኋላ እየሰፋች ነው! የተማሪ ዩኒፎርም መሆኑን ከሩጫው አወቅኩ፤ ረጅም ስፌት ነው። ማንኳኳት አቃተኝ። ነገ ራሴ እቆርጠዋለሁ ብዬ ተመለስኩ።

በነጋታው ሰዉ ከኔ ቀድሞ ወንበር ይዞ ነበር። እማዬ ቤት አልነበረችም። አክስታችን ጥቁሩን ተነሥ ልጄ አለችው። ይኼ የመጨረሻው ነው ብዬ ተጫንኩ። ዋሻው ውስጥ አረንጓዴው ጡቡን ሲፈትግ ይሰማኛል። ጥቁሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ደግሜ ተጫንኩ። ምንም። አክስታችን ዙሪያውን ገላምጣ፣ መካከላችን ያላመነ ሰው አለ ብላ ፀጉር ሠሪዋ ላይ አፈጠጠች። ጡረተኛው ጎረቤታችን ባርኔጣቸውን ራሳቸው ላይ መልሰው፣ ምናልባት ባትሪ ጨርሶ ይሆናል አሉ።

እማዬ በበሩ ገባች። ጫማዋ አቧራ ለብሷል። ሴትዮዋን ፈልጋ አግኝታ፣ ልጁን ራሷ አቅፋ ሐኪም ቤት አስተኝታው ነው የመጣችው። ድምፅዋን ሳታነሣ ነበር የተናገረችው። ልጄ ሞቷል፤ ስላጽናናችሁኝ አመሰግናለሁ፤ ወንበሩን ወደ ሳሎን እየመለሳችሁ ሂዱ አለቻቸው። እውነትም ወንበሩን እየያዙ ገቡ። አክስታችን እስከ ዛሬ አኩርፋናለች። ደውላ ካማችን አትፍረጂ፤ ካልደወለችም እሰየው።

ሰው ሲወጣ አረንጓዴውን ከዋሻው አውጥቼ ፈታሁት። ሁለቱ ሽቦዎች ተቆርጠዋል። ጫፋቸው ታጥፎ በነጭ የስፌት ክር ተጠምጥሟል፤ መጨረሻው ላይ እማዬ የሸሚዝ ቁልፍ ስትተክል ከሥር የምታስራት ያቺ ትንሽ ቋጠሮ አለች። ምን እንደገፋፋኝ አላውቅም፣ ቀይዋንም አመጣኋት። ሹፌሩ ከገጠማት ወዲህ ማንም ከፍቷት አያውቅም። ፈታኋት። ነጭ ክር፤ ያችው ቋጠሮ።

ሁለቱንም ጭኔ ላይ ይዤ ጠጠሩ ላይ ቁጭ ብዬ ሳለሁ እማዬ በአጠገቤ አለፈች። ሐዲድ መጥረግ ይበቃሃል፣ እጅህ ቀንድ አውጣ ቀንድ አውጣ ይላል፤ ታጠብና ና፣ አብረን እንብላ አለችኝ። ታጥቤ ሄድኩ። ዳቦውን ግን ለሁለት አልቆረሰችውም፤ ሙሉውን ከፊቴ አስቀመጠችው።

እኔ እንግዲህ ምንም አልጠየቅኳትም። አንቺ ታላቅ ነሽ፤ የገባሽን ያዢው።

ልጁ ትናንት ከሐኪም ቤት ወጥቷል። እኔም ትምህርት ጀምሬያለሁ። ጥቁሩን ገና አልፈታነውም፤ እማዬ አንቺ ስትመጪ ነው ብላለች። መብራት ትይዥልናለሽ፤ መቁረጡን ለሷ እንተወዋለን። አበባውን ነቅዬ ጥዬዋለሁ፤ ምራቁን ግን ስንት ጊዜ ባጥበው የለቀቀ አይመስለኝም።

ትራንስፎርመሩ እንደተነቀለ ነው። ሽቦው ተቆርጧል። በሐዲዱ ውስጥ አሁን ምንም እንደማይሄድ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ዛሬ ጠዋት ግን ከትምህርት ቤት በፊት ጨርቄን ይዤ ዙሪያውን ጠርጌዋለሁ፤ ድልድዩ ጋ ያለውንም። ለእማዬ እንዳትነግሪያት።

አንገትሽን አደራ። ፈጣሪ በወጣሽ በገባሽበት ይጠብቅሽ፣ በጤና ያገናኘን።

ታናሽ ወንድምሽ፣
ጠራጊው