የአራሷ ክፍል ቬንት

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 9፣ 1996፣ ኦክላንድ

ዛሬ የሕፃኑን አልጋ ሳብ ሳደርገው ከኋላው ያለው ግድግዳ ከወለሉ እስከ ወገቤ ድረስ ሻግቶ ጠቁሯል። ስነካው እጄ ረጠበ። ልጁ ሰሞኑን የሚስለው ለካ በዚህ ነው።

ብርድ እንዳይገባ የግድግዳውን ኢንሱሌሽን የሠራልን ሰውዬ አስጠንቅቆኝ ነበር። «ይህ አሮጌ ቤት በየስንጥቁ ይተነፍስ ነበር። አሁን ስለደፈንነው እንፋሎቱ መውጫ ይፈልጋል፤ የአየር መውጫ ቀዳዳውን፣ ቬንቱን፣ እንዳትዘጉት» ብሎኛል። ከዚያ አማቴ ልጃቸውን ሊያርሷት ከአዲስ አበባ መጡ። መስኮቱን ሁሉ ዘግተው ቀኑን ሙሉ ሙቅ ያፈላሉ። ቬንቱም ውስጥ ፎጣ ጠቅጥቀውበታል።

ፎጣውን መዝዤ አወጣሁና ግድግዳውን አሳየኋቸው።

«እማማ፣ ልጁን የጎዳው ይሄ እርጥበት ነው። ቬንቱ ክፍት መሆን አለበት።»

«አራስ ቤት ንፋስ ይገባል እንዴ ልጄ? ሳሉን ያመጣበት ይኼው ቀዳዳ ነው!» አሉና እንባቸው መጣ።

ሚስቴን ሰናይትን አየኋት። «ፕሊስ፣ ተዋት» አለችኝ። «ከእሷ ሌላ ማን አለን?»

እውነቷን ነው። ሁለታችንም ሥራ ስንገባ ልጁን የሚይዙልን እሳቸው ናቸው።

አመሻሽ ላይ ልጁ ሲስል ሰምቼ ገባሁ። ቬንቱ ተመልሶ ተደፍኗል። በፎጣ ግን አይደለም፤ ከትከሻቸው ወርዶ በማያውቀው ነጠላቸው ነው። እሳቸው በቀሚስ ብቻ ኩርምት ብለው ልጁን ታቅፈውታል።

ነጠላውን ላወጣ እጄን ዘረጋሁ። ቀና ብለው አዩኝ። እጄን መለስኩ።

ይህን ስጽፍም ይስላል።